ታካያማ በበረዶ፦ አሳማ ለማይበላ፣ ለሚጾምና ብርድ ለሚፈራ ሰው

ናጎያ ስለምኖር ጃፓንን ሊጎበኝ የሚመጣ ዘመድም ወዳጅም እኔ ጋ መደወሉ አይቀርም። ከአዲስ አበባ ይደወላል፣ ከዋሽንግተን ይደወላል፣ ከዱባይ ይደወላል። ጥያቄው አንድ ነው። "ቶኪዮንና ኪዮቶን እናያለን። አንድ የገጠር ከተማ ብንጨምር የትኛው ይሻላል?" በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ለሚመጣ ሰው መልሴ ታካያማ ነው። ወዲያው ሌላ የጥያቄ መዓት ይከተላል። ብርዱ እንዴት ነው? ምን ዓይነት ጫማ ልያዝ? አሳማ የሌለበት ምግብ ይገኛል? ረቡዕና ዓርብስ ምን እበላለሁ? በስልክ አንድ በአንድ ከምመልስ ጽፌ ላስቀምጠው ብያለሁ። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። የባቡርና የአውቶቡስ ሰሌዳው ግን በ24 ሰዓት መሆኑን ልብ በሉ።

ታካያማ ያለችው በጊፉ ክፍለ ሀገር፣ ሂዳ በሚባለው ተራራማ አካባቢ ነው። በቆዳ ስፋት ከጃፓን ከተሞች ሁሉ ትበልጣለች። እ.ኤ.አ. በ2005 በዙሪያዋ ያሉትን ትናንሽ ከተሞችና መንደሮች ጠቅልላ 2,177 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሆነች። ከዚህ ውስጥ ከአሥር እጅ ዘጠኙ ጫካ ነው። ሕዝቧም መቶ ሺህ አይሞላም። ስለዚህ ስፋቱ አያስደንግጣችሁ። ጎብኚ የሚያየው መሀል ከተማዋ በእግር የሚዞር ነው። ከባቡር ጣቢያው አሮጌው ሰፈር ድረስ ቢበዛ ሩብ ሰዓት ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልበል። ታካያማን ደርሶ መልስ አትሂዱ፤ እደሩ። አብዛኛው ጎብኚ ረፋድ ላይ በአውቶቡስ ይመጣል፤ ምሳ ይበላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ሌላ ከተማ ይሻገራል። በእነዚያ ሰዓታት ዋናው መንገድ ግፊያ ነው። ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊትና አመሻሹ ላይ ከ11 ሰዓት በኋላ ግን ሰፈሩ የነዋሪው ነው። በብርዱ ወራት ደግሞ ፀሐይ ቶሎ ትጠልቃለች። ሱቁ ሁሉ ከ10 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ጥቁር የእንጨት ቤቶቹ፣ በረዶውና የበራፍ መብራቱ ብቻ ይቀራሉ። ደርሶ መልስ የሄደ ሰው ይህን ሳያይ ነው የሚመለሰው።

ጉዞው ቀላል ነው። ከናጎያ "ሂዳ" የሚባለው ፈጣን ባቡር በሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ያደርሳችኋል። ከቶኪዮ የምትመጡ ከሆነ እስከ ናጎያ ሺንካንሰን በሚባለው እጅግ ፈጣን ባቡር፣ ከዚያ በሂዳ ነው። ከቶኪዮ ሺንጁኩ በቀጥታ የሚሄድ አውቶቡስም አለ፤ አምስት ሰዓት ተኩል አካባቢ ይፈጃል። ርካሽ ነው፣ ግን የባቡሩን መንገድ ያሳጣችኋል። ባቡሩ ከናጎያ ሲነሳ ወንበሩ ወደ ኋላ ዞሮ ስታገኙት አትደናገጡ። ጊፉ ጣቢያ ላይ ባቡሩ አቅጣጫ ስለሚቀይር ነው። ከጊፉ በኋላ ፊታችሁ ወደ መንገዱ ይዞራል። ከዚያ የሂዳን ወንዝ ይዞ በገደል መሀል ሽቅብ ይወጣል። ናጎያ ላይ ደረቅ የነበረው መሬት ጌሮ ከምትባለው ከተማ በኋላ እየነጣ ይሄዳል። ወንዙ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ስለሚመጣ የትኛው ወገን ይሻላል ብላችሁ አትጨነቁ። ቲኬቱን ግን በወረቀት ቁረጡ፤ የከተማ ባቡር ካርድ ለዚህ መንገድ አይሆንም።

አሁን ወደ ብርዱ። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 570 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በጃንዋሪ ሌሊቱ በአማካይ ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል። ሲብስበት ከ10 በታች ይሄዳል። ቀን ላይ ከዜሮ ጥቂት ከፍ ይላል። ካፖርት ሰው ሁሉ ይዞ ይመጣል። የሚረሳው ጫማና ካልሲ ነው። ቀን የቀለጠው በረዶ ማታ መንገዱ ላይ መስተዋት ሆኖ ይተኛል። ስኒከር ለዚህ አይሆንም። ውኃ የማያስገባ፣ ሶሉ ጥርስ ያለው ቡት ያስፈልጋል። ቡት መግዛት ካልፈለጋችሁ ከጫማ ሥር የሚታሰር ጥርስ ያለው ጎማ ይሸጣል። ለጥቂት ቀን እሱም ይበቃል።

ቡቱ ረጅም ማሰሪያ ያለው እንዳይሆን። ጃፓን ውስጥ ጫማ የማይወለቅበት ቤት ጥቂት ነው። ማደሪያው ላይ ይወለቃል፣ ሙዚየሙ ላይ ይወለቃል፣ አንዳንድ ምግብ ቤት ላይም ይወለቃል። ማሰሪያ ስትፈቱና ስታስሩ ቀኑ ያልቃል። ካልሲያችሁ ወፍራም ይሁን፣ ቀዳዳም አይኑረው። ይህን የምለው ስለ ይሉኝታ ብቻ አይደለም። ታካያማ ጂንያ የሚባለውን የጥንት የመንግሥት ቤት ስትጎበኙ አብዛኛው ወለል ማሞቂያ የለውም። በካልሲ ነው የምትዞሩት። ብርዱ ከእግር ጣት ተነስቶ ጉልበት ላይ ይደርሳል። ኮንቢኒ በሚባሉት የሃያ አራት ሰዓት ሱቆች "ካይሮ" የሚባል የሙቀት ከረጢት ይሸጣል። በጫማ ውስጥ የሚገባም አለ። ግዙ፤ ግን ገላችሁ ላይ በቀጥታ አትለጥፉት፣ ያቃጥላል።

ጂንያውን ግን ለብርዱ ብላችሁ እንዳትተዉት። እ.ኤ.አ. ከ1692 ጀምሮ ያኔ ጃፓንን ይገዛ የነበረው የቶኩጋዋ መንግሥት አካባቢውን ያስተዳደረበት ግቢ ነው። በመላ አገሪቱ እንዲህ ዓይነት ግቢዎች ነበሩ። ዋናው ሕንፃ ሳይፈርስ የቀረው የዚህኛው ብቻ ነው። እስከ 1969 ድረስ በመንግሥት መሥሪያ ቤትነት አገልግሏል። ግብር በሩዝ ይከፈል ስለነበር ትልቅ የሩዝ ጎተራ አለው። ተከሳሽ የሚመረመርበት ክፍልም አለ፤ እዚያ ቆማችሁ የመመርመሪያውን ዕቃ ስታዩ ብርዱን ትረሱታላችሁ። ወደ በሮቹ ጠጋ ብላችሁ ምስማሮቹን ተመልከቱ። እያንዳንዱ ምስማር በጥንቸል ቅርጽ በተሠራ ትንሽ ብረት ተሸፍኗል። ሰው ሁሉ ጣሪያና ክፍል እያየ ያልፋቸዋል።

ጠዋት ላይ ሁለት የገበያ ቦታ አለ። አንዱ ጂንያው ፊት ለፊት፣ ሌላው ሚያጋዋ ወንዝ ዳር ነው። የወንዝ ዳሩ በብርዱ ወራት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተከፍቶ እኩለ ቀን ላይ ይበተናል። በሞቃቱ ወራት የሚታየው የሻጭ ብዛት በበረዶ አይጠበቅም። የሚመጡት ግን የገዛ ማሳቸውን ምርት ያመጡ እናቶች ናቸው። ቀይ የሥር አትክልት በጨው ተብላልቶ፣ የደረቀ እንጉዳይ፣ ሚሶ፣ ፖም። ቅመሱ ብለው በስንጥር ይሰጣሉ። ጃፓን ውስጥ ዋጋ መከራከር ነውር ነው፤ የመርካቶ ልምዳችሁን ናጎያ ተዉት። ጥሬ ብር ያዙ። እነዚህ እናቶች ካርድ አይቀበሉም። ውጭ አገር በተሰጠ ካርድ ሰቨን ኢለቨን ከሚባለው ሱቅ ማሽን ጥሬ ብር ታወጣላችሁ። ዕድል ከቀናችሁና ጃንዋሪ 24 ላይ እዚያ ከሆናችሁ፣ የከተማዋ የዓመት ገበያ በዚያ ቀን ይቆማል። በእጅ የተሠራ ባርኔጣ፣ ቅርጫትና የእንጨት ዕቃ ይወጣበታል። የጥምቀት ሰሞን ስለሆነ ቀኑ አይረሳችሁም።

አሮጌው ሰፈር ሳንማቺ ይባላል። ቤቶቹ የነጋዴ ቤቶች ነበሩ። በራቸው ላይ ከጥድ ቅጠል የተሠራ ትልቅ ድብልብል ኳስ የተሰቀለባቸው ሳኬ የሚባለውን የሩዝ አልኮል ጠማቂዎች ናቸው። ሳኬ የሚጠመቀው በብርድ ስለሆነ በዚህ ወቅት አዲሱ ይቀመሳል። በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ጠማቂዎቹ በየተራ ጓዳቸውን ለጎብኚ ይከፍታሉ። የማይጠጣ ሰው አማዛኬ የሚባል ትኩስ ጣፋጭ የሩዝ መጠጥ ያገኛል። ሁለት ዓይነት ስለሆነ ጠይቁ። ከሳኬ ዝቃጭ የሚሠራው ትንሽ አልኮል አለበት፤ ኮጂ በሚባለው የሩዝ ማብላያ ሻጋታ የሚሠራው የለበትም።

እዚህ ሰፈር ጠዋት ስትወጡ አንድ ነገር ታያላችሁ። በመንገዱ ግራና ቀኝ ጠባብ ቦይ አለ፤ ውኃው ሁሌ ይፈስሳል። ሰባውን ያለፉ የሚመስሉ አንዲት እናት በጎማ ቡት ቆመው የደጃቸውን በረዶ በሰፊ አካፋ እየዛቁ ቦዩ ውስጥ ሲከቱ አየሁ። አንድ አካፋ ይጨምራሉ፤ ውኃው እስኪያወርደው ይጠብቃሉ፤ ደግሞ ይጨምራሉ። ቢቸኩሉ ቦዩ ይደፈናል፣ የጎረቤት ደጅም ውኃ ይሆናል። የራሳቸውን ሲጨርሱ የጎን ቤቱን ደጅ ጀመሩት። ላግዝዎ ብዬ እጄን ስዘረጋ ሳቁና በእጃቸው ወደ ላይ አሳዩኝ። ከጣሪያው ጠርዝ ክንድ የሚያህል በረዶ ቁልቁል ተንጠልጥሏል። እኔ የቆምኩት ልክ ከሥሩ ነበር። ይኸውላችሁ፤ በዚህ ወቅት ፎቶ ስትነሱ ከጣሪያ ክዳን ሥር አትቁሙ።

ምግቡ ላይ ልዘግይ፤ የሚያስቸግረውም የሚያስደስተውም እሱ ነው።

የታካያማ ስም የሚጠራው በሂዳ በሬ ነው። ታሪኩ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ያሱፉኩ የሚባል ኮርማ ከሂዮጎ ክፍለ ሀገር ተገዝቶ መጣ። ዛሬ የሂዳ ሥጋ የሚባለው በአብዛኛው የእሱ ዘር ነው። ሥጋውን ስታዩት ጮማው ከቀዩ ጋር ተሸምኗል። ጮማ ለብቻው፣ ቀይ ለብቻው የሚባል ነገር የለም። አፍ ውስጥ ገብቶ ማኘክ ሳትጀምሩ ይቀልጣል። አንድ ምክር፦ በኪሎ አታስቡት። መቶ ግራም ከበላችሁ በኋላ ቅባቱ ይበቃችኋል። ጓደኛዬ እዚህ ሲመጣ ጥብስ ቤት እንደሚያዝ አድርጎ ሊያዝ ነበር፤ ዋጋውን ሲያይ ራሱ ቀነሰው። ለምሳ የሚቀርበው ከእራት በጣም ይረክሳል፤ ስለዚህ ሥጋውን ቀን ላይ ብሉ።

ቁርጥ ለለመደ ሰው አሮጌው ሰፈር ውስጥ የሚሸጠው የሥጋ ሱሺ አለ። በሩዝ ላይ ስስ ጥሬ ሥጋ ያደርጉና ላዩን በእሳት ለብ ያደርጉታል። ሁለት ጉርሻ ወደ 1000 የን አካባቢ ነው። በሳህን ፈንታ በብስኩት ላይ ነው የሚሰጧችሁ፤ ብስኩቱም አብሮ ይበላል። ልብ በሉ፣ ያ ብስኩት ብዙ ጊዜ ሽሪምፕ አለበት። እንዲህ ያለ የባሕር እንስሳ የማትበሉ ከሆነ ሥጋውን አንሥታችሁ ብስኩቱን ተዉት። ሚጥሚጣ የያዘ ሰው ደግሞ ይያዝ። ጓደኛዬ በወረቀት ጠቅልሎ ከኪሱ ሲያወጣ እኔ አፈርኩ። ሻጩ ግን ጠየቀን፣ ቀመሰ፣ ሳለ፣ ደግሞ ቀመሰ።

አሁን አሳማውን ላንሳ። የሂዳ በሬ ተብሎ የሚሸጥ ሁሉ የበሬ ብቻ አይደለም። በእንፋሎት የበሰለው ትኩስ ሥጋ የገባበት ዳቦ፣ በረዶ ላይ ቆሞ ለመብላት እጅግ የሚያምረው ማለት ነው፣ ብዙ ጊዜ የአሳማ ሥጋ ተቀላቅሎበታል። የተፈጨ ሥጋ ጥብስም እንዲሁ ሊቀላቀል ይችላል። የድንች ኮሮኬ ደግሞ በአሳማ ስብ የሚጠበስበት ቤት አለ። የታካያማ ራመን ዝነኛ ነው። ቀጭን የተጠማዘዘ ፓስታው በአኩሪ አተር መረቅ ውስጥ ይቀርባል። ላዩ ላይ የሚቀመጠው ግን የአሳማ ሥጋ ነው። ሥጋውን አንሡልኝ ብትሉም መረቁ ውስጥ የአሳማ አጥንት ሊኖር ይችላል። እኔ ተውኩት። በእሱ ፈንታ ሶባ የሚባለውን የባክዊት ፓስታ ብሉ።

ስልካችሁ ላይ "ቡታኒኩ ዋ ታቤራሬማሴን" የሚለውን ጽፋችሁ ያዙ። አሳማ መብላት አልችልም ማለት ነው። "አልፈልግም" ብትሉ ትንሽ ብቻ ነው ብለው ሊያመጡላችሁ ይችላሉ፤ "አልችልም" ስትሉ ግን ይጠነቀቃሉ። ሙስሊም የሆናችሁ ደግሞ ሳኬና ሚሪን የሚባለው ጣፋጭ የሩዝ ወይን በብዙው ማባያ ውስጥ እንዳለ እወቁ። ሐላል የሚያቀርብ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት አፈላልጋችሁ ቦታ ያዙ፤ በበረዶ ውስጥ በር ለበር መጠየቅ አድካሚ ነው።

ጾም ከሆነስ? ነገሩ ከባድ ይመስላል፤ ምክንያቱም የጃፓን መረቅ ሁሉ ማለት ይቻላል ዳሺ የሚባል ማጣፈጫ ውኃ አለበት። ዳሺው ደግሞ በአብዛኛው ከደረቀ ዓሣ ነው። አትክልት ብቻ የሚመስለው ሾርባና የሶባው መጥቀሻ ሳይቀር ዓሣ አለበት። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለእናንተ ትቻለሁ። ጨርሶ ለማይበላ ሰው ግን ታካያማ ከቶኪዮ ትሻላለች።

መጀመሪያ ዳንጎ አለ። ከሩዝ ዱቄት የተድቦለቦለ፣ በስንጥር የተሰካ፣ በከሰል ላይ የሚጠበስ። በሌላው የጃፓን ክፍል ስኳር ያለው ወፍራም ማባያ ያፈሱበታል። እዚህ አኩሪ አተር ብቻ ቀብተው ነው የሚጠብሱት። ጠርዙ ሲያር ሽታው ከሩቅ ይጠራል። አንዱ ስንጥር ወደ 100 የን ነው። ጎሄ ሞቺ የሚባለው ደግሞ ተደቁሶ የተጠፈጠፈ ሩዝ ነው፤ ለውዝ መሳይ ፍሬና ሚሶ ተቀብቶ ይጠበሳል። ሁለቱም ቆመው የሚበሉ ናቸው፤ እጅም ያሞቃሉ። በልታችሁ ስንጥሩን ለሻጩ መልሱ፤ መንገድ ላይ የቆሻሻ መጣያ አታገኙም።

ሁለተኛው ሾጂን ርዮሪ ነው። የቡዲስት መነኮሳት ምግብ ነው። ሥጋ የለ፣ ዓሣ የለ፣ እንቁላል የለ። መረቁ ከባሕር አረምና ከደረቀ እንጉዳይ ነው የሚወጣው። ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይገባበትም። ታካያማ በምሥራቅ በኩል ብዙ ቤተ መቅደስ ያለበት ሰፈር ስላላት ይህ ምግብ እዚህ ሥር ሰዷል። በትንንሽ ሳህን ተራ በተራ ይመጣል፦ የሰሊጥ ቶፉ፣ የተራራ ቅጠላ ቅጠል፣ የተቀቀለ ሥራ ሥር። ርካሽ አይደለም። ቀድሞ መያዝ ግዴታ ነው። እኔ ዓርብ ቀን ነበር የበላሁት። ጾም መሆኑን እስክረሳው ድረስ ጠገብኩ።

ሦስተኛው ሆባ ሚሶ ነው። እኔን ከጠየቃችሁ የታካያማ ምግብ ማለት እሱ ነው። ሚሶ ከአኩሪ አተር ተብላልቶ የሚሠራ፣ ጨው የበዛበት፣ እንደ ድልህ ወፈር ያለ ነገር ነው። ማደሪያችሁ ውስጥ ቁርስ ላይ ትንሽ የሸክላ ምድጃ ከነከሰሉ ፊታችሁ ያስቀምጣሉ። ምድጃው ላይ ሁለት መዳፍ የሚያህል የደረቀ ቅጠል፣ ቅጠሉ ላይ ሚሶ፣ የተከተፈ ባሮና እንጉዳይ። ቅጠሉን ቀድመው ውኃ ስላስነኩት ቶሎ አይቃጠልም። ትንሽ ቆይቶ ሚሶው ዳር ዳሩን መፍላት ይጀምራል፤ ቅጠሉም ጭስ ጭስ ይላል። በዚህን ጊዜ መሀሉን በቾፕስቲክ ማማሰል ነው። ቅጠሉን አትቅደዱት። ካረረው ከታችኛው ትንሽ ቆንጥሮ ነጭ ሩዝ ላይ ማድረግ። ጨው ስለሆነ በብዛት አይበላም፤ ግን አንድ ሳህን ሩዝ ሳታውቁት ያልቃል። ማታ ሲያቀርቡት አንዳንዴ ሥጋ ይጨምሩበታል። ለጾም ከሆነ ሥጋ የሌለበትን ጠይቁ።

በተብላላው አትክልት ጉዳይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ጹኬሞኖ ስቴክ ይባላል። ድሮ በዚህ ብርድ የተብላላው አትክልት በእንስራው ውስጥ በረዶ ይሆን ነበር። አሙቀው ለመብላት እሳት ላይ ጣሉት። ዛሬ በብረት ሳህን ላይ በእንቁላል ይቀርባል። ጎምዛዛ፣ ትኩስና ርካሽ ነው። የፍስክ ቀን ማታ መጠጥ ቤት ስትገቡ እዘዙት።

ማደሪያችሁ ምግብ የሚያቀርብ ከሆነ ስለ አሳማውም ስለ ጾሙም የምትናገሩት ቦታ ስትይዙ እንጂ ስትደርሱ አይደለም። ምግቡ ለእያንዳንዱ እንግዳ ቀድሞ ይገዛል። በር ላይ ደርሶ "አልበላም" ማለት አስተናጋጇን ይቅርታ ስትጠይቅ ያስመሻታል፤ እናንተም በሩዝ ታድራላችሁ። ምግብ የሌለበት ማደሪያ ከያዛችሁ ደግሞ እራታችሁን ቀድማችሁ አስቡ። በጃንዋሪ የሚዘጋው ምግብ ቤት ብዙ ነው። ክፍት የሆነውም ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት ትእዛዝ መቀበል ሊያቆም ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚቀራችሁ ኮንቢኒ ነው።

ቡና ጠጪዎች አይዟችሁ። ሂዳ ያለበት ጊፉ የጠዋት ቡና ባህል ያለው ክፍለ ሀገር ነው። ጠዋት ቡና ያዘዘ ሰው ያለ ተጨማሪ ክፍያ ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል ይመጣለታል። ዝርዝሩ ላይ "ሞካ" የሚል ካለ ብዙ ጊዜ የእኛ ወይም የየመን ቡና ነው። ከየት ናችሁ ተብለን ኢትዮጵያ ስንል ባለቤቱ ከመደርደሪያው ይርጋ ጨፌ የተጻፈበትን ማሰሮ አውርደው አስሸተቱን። ዋጋ ግን አልቀነሱም።

ብርዱ አጥንት ሲገባ መድኃኒቱ ኦንሰን ነው፤ ፍል ውኃ። ወንድና ሴት ለየብቻ ነው። ልብስ ጨርሶ አይለበስም፣ ዋና ልብስም ቢሆን። መጀመሪያ ቁጭ ብሎ በሳሙና መታጠብ፣ ከዚያ መግባት። ሀፍረቱ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይቆይም። አንድ ነገር ግን ቀድማችሁ እወቁ። ብዙ ቦታ ንቅሳት ይከለከላል። በግንባር ወይም በእጅ ላይ መስቀል የተነቀሱ እናቶቻችንን ይዛችሁ ከሄዳችሁ በር ላይ ቅር እንዳይላቸው። ትንሽ ከሆነ በፕላስተር ይሸፈናል። ካልሆነ "ካሺኪሪ" የሚባል ለቤተሰብ ብቻ የሚከራይ ገላ መታጠቢያ ያለበትን ማደሪያ ምረጡ። እሱ ለሚያፍርም ሰው መፍትሔ ነው።

አንድ ቀን ለሺራካዋ ጎ ተዉ። ከታካያማ አውቶቡሱ 50 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝም ዋሻ ውስጥ ያልፋል። ስትወጡ በረዶው እጥፍ ሆኖ ይጠብቃችኋል። እ.ኤ.አ. በ1995 በዩኔስኮ የተመዘገበ መንደር ነው። ቤቶቹ ሣር ክዳን ናቸው። በረዶው እንዲንሸራተት ጣሪያው እስከ 60 ዲግሪ ቀጥ ብሎ ይወጣል። የጣሪያው እንጨት በምስማር ሳይሆን በገመድ የታሰረ ነው። ክዳኑን የሚቀይሩት መንደርተኛው ወጥቶ በደቦ ነው። ለጎብኚ ከተከፈቱት ቤቶች አንዱን ግቡ፤ የዋዳ ቤት ትልቁ ነው። ቆጥ ላይ ድሮ የሐር ትል ያረቡበት ነበር። ምሰሶውን ሁሉ ጥቀርሻ አጥቁሮታል። ያ ጭስ ነው ሣሩንና ገመዱን ከነቀዝ የጠበቀው። ገጠር ያደገ ሰው ሽታውን ያውቀዋል።

መንደሩ ሰው የሚኖርበት ነው። ግቢ አትግቡ፣ በመስኮት አታጮልቁ። ከላይ ለማየት የሚወጣበት የእግር መንገድ በበረዶ ይዘጋል፤ ትንሿን አውቶቡስ ያዙ። በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ በተመረጡ ምሽቶች መብራት ይበራል። ያለ ቅድሚያ ምዝገባ ግን አይገባም፤ ቦታውም ከወራት በፊት ያልቃል። ካላገኛችሁ ታካያማ ዳር ያለው ሂዳ ኖ ሳቶ እንዲህ ያሉ ቤቶች የተሰበሰቡበት ክፍት ሙዚየም ነው። ሰው የማይበዛበት ስለሆነ እኔ እንዲያውም እሱን እመርጣለሁ።

ጊዜ ከተረፋችሁ ሺን ሆታካ የሚባለው የገመድ መኪና አለ። ከታካያማ በአውቶቡስ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። የላይኛው ጣቢያ 2,156 ሜትር ላይ ነው። ከአዲስ አበባ ዝቅ ያለ ስለሆነ ሳንባችሁ አይቸገርም። ጣታችሁ ግን ይቸገራል፤ ስልክ ለማውጣት ጓንት ባወለቃችሁ ቁጥር ታዩታላችሁ። ንፋስ ሲበረታ አገልግሎቱ ስለሚቆም ጠዋት ከመነሳታችሁ በፊት አረጋግጡ።

በረዶ ሲከብድ ባቡሩም አውቶቡሱም ይዘገያል፣ አንዳንዴም ይቀራል። ስለዚህ በበረራችሁ ዕለት ከታካያማ አትነሱ። ዋዜማውን ናጎያ ወይም ቶኪዮ እደሩ። ቀዩን የተብላላ አትክልት ለቤት የምትገዙ ከሆነ አየር ወጥቶለት የታሸገውን ምረጡ፤ ውኃ ስላለው የእጅ ሻንጣ ውስጥ አይገባም። ሆባ ሚሶ ከነቅጠሉ ታሽጎ ይሸጣል። ምድጃው ባይኖራችሁም በብረት ምጣድ ላይ ይሆናል፤ እሳቱን ብቻ ዝቅ አድርጉት።